ኦቲዝም ያለበት ልጄ ቡና ስወቅጥ ብቻ ቀና ብሎ ያየኛል፤ በዚህ ልጠቀም?

ጥያቄ (እናት፣ ማራኪ)
እንዴት ናችሁ? ከጎንደር ነው የምጽፍላችሁ። ልጄ 2 ዓመት ከ4 ወሩ ነው። ባለፈው ወር ሐኪሟ ኦቲዝም አለው አለችን። ስሙን ስጠራው አይዞርም። የድስት ክዳን ሲያሽከረክር ይውላል። «አጨብጭብ»፣ «ቻው በል» ብለው ነገሬም አይለኝ። ቡና ስወቅጥ ግን የዘነዘናውን ምት ሰምቶ ክዳኑን ጥሎ ይመጣል። ይወዛወዛል። አንዳንዴም ቀና ብሎ ያየኛል። ያችን ቅጽበት እንዴት ላሳድጋት? አማቴ «ወንድ ልጅ አፍ ሲፈታ ይዘገያል፣ ተይው» ይሉኛል። እኔ ግን እጄን አጣጥፌ መቀመጥ አልቻልኩም።

መልስ (ከሕፃናት ጋር የምሠራ፣ አራዳ)
እህቴ፣ አለመጠበቅሽ ልክ ነው። አሁን እሱ እንዲኮርጅሽ ከመጠየቅሽ በፊት አንቺ እሱን ኮርጂው። አሜሪካዊቷ የሥነ ልቦና ባለሙያ ብሩክ ኢንገርሶል ኦቲዝም ላለባቸው ሕፃናት ያዘጋጀችው የመኮረጅ ሥልጠና የሚጀምረው ከዚህ ነው።

ሁለት ክዳን አዘጋጂ። ፊት ለፊቱ መሬት ላይ ተቀመጪ። ሲያሽከረክር አሽከርክሪ፤ ሲያቆም አቁሚ፤ «ኡኡ» ካለ «ኡኡ» በይ። ብዙ ልጆች የሚኮርጃቸውን ሰው ማየት ይጀምራሉ። ከዚያ በደቂቃ አንዴ ያህል አዲስ ነገር አሳዪው። ክዳኑን እንደ ከበሮ ምችና «ዱም ዱም!» በይ። ጠብቂው። ካልሞከረ እስከ 3 ጊዜ ድገሚለት፤ ከዚያ እጁን ቀስ ብለሽ ይዘሽ አግዢው። ሲሞክር፣ ባያሳምረውም፣ «ጎበዝ!» በይው። ወዲያው ደግሞ ወደ እሱ ጨዋታ ተመለሺ። ለመጀመሪያ በቀን 10 ደቂቃ ይበቃል።

መልስ (አባት፣ አዘዞ)
የእኔ ልጅ 5 ዓመቷ ነው። እጇን ስንይዛት ታለቅስ ነበር፣ ስለዚህ ያን ተውነው። የሠራልን ዝምታው ነው። ልብስ ሳለብሳት «እጅ የታለ? እጅ የታለ?... ወጣ!» እያልኩ አዜማለሁ። «ወጣ» ከማለቴ በፊት ዝም እልና አምስት እቆጥራለሁ። ሁለት ሳምንት ምንም አልነበረም። አንድ ቀን ፊቴን አየችኝ፤ የቀረውን እየጠየቀችኝ ነበር። አሁን «ወጣ» የምትለው ራሷ ናት። ዘነዘናውን አየር ላይ አቁመሽ ጠብቂው፤ ሲያይሽ ምቺ። በስልክ ግን አትሞክሪው። ስልክ ልጁን አይቶ አይቆምለትም።

መልስ (የመዋዕለ ሕፃናት መምህርት)
አንድ ልጨምር። ጆሮውን ከያዘ ድምፁን ቀንሺ ወይም ተዪው። ክፍሌ ውስጥ የነበረ ልጅ ማንኪያ ሲመታ ይስቅ ነበር፤ የጥምቀት ከበሮና እልልታ ግን ያስለቅሰው ነበር። ስሙን ሲጠሩት የማይዞር ከሆነ ደግሞ፣ የዘነዘናውን ምት ቢሰማም፣ ጆሮውን አስመርምሪው። ታላቅ እህት ወይም ወንድም ካለውም ጨዋታውን አስተምሪያቸው። ከሌላ ልጅ ጋር ተራ መጠበቅን የሚለምደው እዚያ ነው።

ጥያቄ (እናት፣ ማራኪ)
እግዜር ይስጥልኝ። የሙዚቃ ሕክምና ፍለጋ አዲስ አበባ እንውሰደው ወይ? ባለቤቴ በሬውን እንሽጥ እያለ ነው።

መልስ (ከሕፃናት ጋር የምሠራ፣ አራዳ)
ለዚህ ብላችሁ በሬ አትሽጡ። እ.ኤ.አ. በ2017 በ9 አገሮች ከ4 እስከ 7 ዓመት የሆናቸው 364 ልጆች የተሳተፉበት ጥናት ወጥቶ ነበር። የተለመደው እርዳታ ላይ ለ5 ወር የሙዚቃ ሕክምና መጨመሩ የኦቲዝሙን ምልክቶች ይበልጥ አልቀነሰም። ያንቺ ልጅ ከእነሱ ያነሰ ነው፤ ቢሆንም ሙዚቃ መድኃኒት ነው የሚልሽን አትስሚ። ልጁ ወዳንቺ የሚመጣበት በር ግን ነው፤ በሩ ደግሞ ቤትሽ አለ። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ኦኩፔሽናል ቴራፒ (እንደ መልበስ፣ መብላትና መጫወት ያሉ የዕለት ተዕለት ነገሮችን ለመቻል የሚረዳ ሙያ) ያስተምራል፤ ሆስፒታሉ ሄደሽ ለልጁ ምን እንዳላቸው ጠይቂ።

እናት፣ ማራኪ
ዛሬ 9ኛ ቀናችን ነው። ክዳን ሳሽከረክር ቆሞ እጄን አየ። ጠዋት ደግሞ ዘነዘናውን አየር ላይ አቆምኩት። እስከ አራት ቆጠርኩ። መጥቶ ክንዴን ወደ ታች ገፋው።