አፌ ዙሪያ የወጣው ሽፍታ አልለቅ አለኝ

ሰላም ለሁላችሁ። ዕድሜዬ 29 ነው። ከአፌ ዙሪያ እስከ አፍንጫዬ ጎን ጥቃቅን ቀይ ሽፍታ ከወጣብኝ አራት ወር ሆነኝ። ያቃጥላል እንጂ ብዙም አያሳክክም።

መጀመሪያ ከፋርማሲ ቤታሜታዞን የሚባል ስቴሮይድ ያለበት የቆዳ ክሬም ገዝቼ ተቀባሁ። በሦስተኛው ቀን ፊቴ ጥርት አለ። ሳቆመው ግን ብሶበት ተመለሰ። ሁለቴ እንዲሁ ሆነ፣ ስለዚህ ተውኩት።

ከዚያ ወደ ባህላዊው ዞርኩ። ማርና ሎሚ ለበለበኝ፣ በማግስቱ ቆዳዬ ተላጠ። ትንሽ የረዳኝ እሬት ብቻ ነው። ከጓሮ ቆርጬ፣ ቢጫውን መራራ ፈሳሽ አንጠፍጥፌ፣ ውስጡን ዝልግልጉን ስቀባው ማቃጠሉ ለጥቂት ሰዓት ይበርድልኛል። ሽፍታው ግን ንቅንቅ አላለም።

ክሬም ካቆማችሁ በኋላ እንዲህ ያለ ሽፍታ ያገረሸባችሁ ሰዎች፣ ፊታችሁን ሳይለበልብ ያዳነላችሁ ምንድን ነው?