የጥንት ግብፅ እጀ ጠባብ ላይ ያለውን ጥለት እንዴት ልሥራው?

ጠያቂዋ፦ ሰላም ቤተሰብ። ሰንበት ትምህርት ቤታችን ስለ 5ኛው ክፍለ ዘመን የግብፅ ክርስቲያኖች ድራማ እያዘጋጀ ነው፤ የልብሱ ሥራ እኔ ላይ ወደቀ። ፎቶ ላይ ያየሁት የተልባ እግር እጀ ጠባብ ከሁለቱም ትከሻ ወደ ታች የሚወርድ ወይን ጠጅ ጥለት አለው። ከመርካቶ የቀሚስ ጥለት ገዝቼ ሰፋሁበት። ልጁ ሲለብሰው ሙሽራ መሰለ! ምን አጠፋሁ?

የሸማኔ ልጅ፦ ወርቀ ዘቦው ነው ያሳበቀብሽ 😀 የእኛ ጥለት በሸማው ድርና ማግ ላይ ሌላ ክር እየተጨመረ ነው የሚሠራው። የእነሱ ጌጥ ግን ራሱ ማግ ነው። ድሩ ተልባ፣ ማጉ ቀለም የገባ የበግ ጠጉር። ጠቅጠቅ ተደርጎ ስለሚመታ ድሩ ጨርሶ አይታይም። ጠጉር የመረጡት ተልባ ቀለም እንደ ልብ ስለማይቀበል ነው። ወይን ጠጁም ብዙ ጊዜ የውዱ የባሕር ቀንድ አውጣ ቀለም አይደለም። ቀይና ሰማያዊ የዕፅዋት ቀለም ደርበው ያስመስሉት ነበር።

ከለንደን፦ እዚህ ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም አክሚም ከሚባለው የግብፅ ከተማ መቃብሮች የወጡ አሉ። ደረቁ አሸዋ ነው ያቆያቸው። ጠጋ ብለሽ ስታዪ ወይን ጠጁ ላይ በቀጭን ነጭ የተልባ ክር የወይን ሐረግ ተስሏል፤ የቅጠሉ ጅማት ሳይቀር! ደግሞ ጥለቱ በፊት ብቻ እንዳይቀር፤ ትከሻ ተሻግሮ በጀርባም ይወርዳል። ትከሻና ጉልበት አካባቢ ክብ ወይም አራት ማዕዘን ጌጥ ጨምሪ።

ጠያቂዋ፦ ታዲያ ሰፍቶ መለጠፍ ነውር ነው? እነሱ ልብሱን ከነጥለቱ አንድ ላይ ነበር የሚሸምኑት ሲሉ ሰምቻለሁ።

የሸማኔ ልጅ፦ እውነት ነው፣ ከአንዱ እጅጌ ጀምረው እስከ ሌላው ወጥ አድርገው ይሸምኑታል። ትከሻው ላይ ይታጠፋል፣ ጎንና ጎኑ ይሰፋል፣ አለቀ። ግን ልብሱ ሲያረጅ ጥለቱን ቆርጠው አዲሱ ላይ ይሰፉትም ነበር። ማን ይጥለዋል ያን ሁሉ ልፋት?

እትዬ ስፌት፦ የኔ ልጅ፣ ለመድረክ ከሆነ አትድከሚ። ያልነጣ አቡጀዲ ግዢ። ከአሮጌ ወይን ጠጅ ሱፍ 5 ሳንቲ ሜትር እየቆረጥሽ፣ በነጭ ክር ሐረጉን በእጅሽ ጥለፊና ስፊው። የሚያብረቀርቅ ነገር እንዳታስጠጊ።

ጠያቂዋ፦ እግዜር ይስጥልኝ! የሙሽራውን ጥለት ፈትቼዋለሁ። እናቴ ለፋሲካ ቀሚሷ ወሰደችው።