የአያቴ ማሾ ላምባ ይጨርሳል እንጂ አያበራም፤ ምን ላድርግ?

የአራት ኪሎዋ (ጠያቂ)
ሰላም ለሁላችሁ። እናቴ አራት ኪሎ፣ ከሥላሴ ዝቅ ብሎ ትንሽ ቡና ቤት አላት። መብራት በሄደ ቁጥር ሻማ ማብራት ሰልችቶናል። ሰሞኑን የአያቴን ማሾ፣ ያንን በፓምፕ እየተነፋ የሚበራውን የላምባ ፋኖስ፣ ከዕቃ ቤት አውጥተን ወለወልነው። ባለ 500 ሻማ የሚባለው፣ የነሐስ ሆድ ያለው ትልቁ ነው። በእሳቱ ግሎ የሚያበራውን ጨርቅ አዲስ ገዝቼ አሰርኩለት። ነደደ፤ ግን እሳቱ ቢጫ ነው። ጨርቁ በአንድ ጎኑ ጥቁር ይለብሳል፣ ብርጭቆው በግማሽ ሰዓት ጥላሸት ይሆናል። ላምባውንማ ይጠጣዋል! አንድ ሊትር አምስት ሰዓት እንኳ አልሞላኝም። ጎረቤታችን «ጣይውና የቡታ ጋዝ መብራት ግዢ» አለኝ። እኔ ግን የአያቴን ዕቃ መጣል አልፈልግም። የምታውቁ እርዱኝ።

የእድር ዕቃ ጠባቂ
እህቴ፣ እንዳትጥዪው። የእድራችንን ዕቃ የምጠብቀው እኔ ነኝ፤ ድንኳን በተጣለ ቁጥር ማሾ ስለኩስ ነው የኖርኩት። ይሄ ዓይነቱ ደህና ሲሆን በአንድ ሊትር ስምንት ሰዓት ገደማ ያድራል። አምስት ካልሞላ ወይ የሆነ ቦታ ያፈስሳል፣ ወይ ላምባው የሚወጣበት ቀዳዳ ሰፍቷል።

ከሁሉ በፊት ፓምፑን እዪ። ስትገፊው እጅሽን የሚመልስ ነገር ከሌለ ጫፉ ላይ ያለችው ክብ ቆዳ ደርቃለች። አውጫትና ዘይት አጠጫት። በጣትሽ አሽተሽ ጠርዟን ወደ ውጭ ከፈት አድርጊያት። ነፋስ ሲያንሰው ላምባው በጉልበት አይተፋም፤ በጉልበት ካልተፋ ደግሞ አየር አይስብም። የነፋስ መለኪያው ላይ እስካለው ቀይ መስመር ንፊ፣ ከዚያ አትለፊ።

ስትለኩሺም አትቸኩዪ። ቱቦውን ለማጋል መጀመሪያ የሚለኮሰው አልኮል ነዶ እስኪያልቅ ጠብቂ። ቱቦው ሳይግል ከከፈትሽው እንፋሎት መሆን ሲገባው ፈሳሽ ላምባ ነው የሚወጣው። ጨርቅ የሚያጠቁረው አንዱ ይሄ ነው።

የኬሚስትሪ መምህር
የእድሩ ወንድሜ ልክ ነው። እኔ ምክንያቱን ልጨምር፤ ከገባሽ ራስሽ ትጠግኚዋለሽ።

ኩራዝ የሚያበራው እሳቱ ውስጥ ያልተቃጠለ የካርቦን ብናኝ ግሎ ስለሚያበራ ነው። ቢጫነቱም፣ ጥላሸቱም ከዚያ ይመጣል። በአውሮፓ ከተሞች ጎዳናን ያበሩ የነበሩ የጥንት የጋዝ መብራቶችም እንደዚሁ ነበሩ፤ እሳታቸው ጠፍጣፋ ነበር፣ እንደ ዓሣ ጭራ። ብዙ ጋዝ ይበላሉ፣ ብርሃናቸው ግን ትንሽ ነው። በ1885 እ.ኤ.አ. ካርል አወር ፎን ቬልስባህ የሚባል ኦስትሪያዊ ኬሚስት ነገሩን ገለበጠው። እሳቱ ራሱ እንዲያበራ አልፈለገም። ጋዙ ከመንደዱ በፊት ከአየር ጋር ተቀላቅሎ ሰማያዊና በጣም ትኩስ እንዲሆን፣ ብርሃኑን ደግሞ በእሳቱ የጋለ ጨርቅ እንዲሰጥ አደረገ። በኋላ ላይ ለጨርቁ የተሻለው ቅልቅል 99 በመቶ የቶሪየም፣ 1 በመቶ የሴሪየም ኦክሳይድ ሆነ። በያው ጋዝ ብርሃኑ ብዙ እጥፍ ጨመረ። የአንቺ ማሾ የዚያ ልጅ ነው።

ስለዚህ ማሾ ላይ ቢጫ እሳት ካየሽ የጎደለው አየር ነው፣ ወይም የበዛው ላምባ ነው። አንድ ነገር ደግሞ አትርሺ፤ አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ከባሕር ዳርቻው በአንድ አራተኛ ገደማ የሳሳ ነው። እዚያ ታች ደህና የሚነድ መብራት እዚህ ስትመጪ አየር ያጥረዋል።

የአራት ኪሎዋ
የእድሩ ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ! ቆዳዋ እንደ ቆርቆሮ ደርቃ ነበር። ዘይት አጠጥቼ መለስኳት፣ አሁን ፓምፑ እጄን ይገፋል። ብርሃኑ ትንሽ ተሻሽሏል፤ ቢጫው ግን አለቀቀም።

ወርክሾፕ
እንግዲያው ሁለት ቦታ ቀርቷል። አንደኛ፣ ከላይ የታጠፈውን የአየር ቱቦ ፍቺ። ማሾ ለዓመታት ሲቀመጥ ሸረሪት እዚያ ውስጥ ታደራለች። ስስ ድር ብቻውን ይበቃል አየሩን ለመዝጋት። በብሩሽ ጥረጊው።

ሁለተኛ፣ ላምባው የሚተፋበትን ትንሽ ቀዳዳ በብርሃን እዪው። የድሮ ሰዎች ሲደፈንባቸው በልብስ መርፌ ይወጉት ነበር። አንዴ ከሰፋ ወይ እንቁላል ከመሰለ አይመለስም። ላምባሽን የሚጨርሰው እሱ ነው ብዬ እገምታለሁ። ቀይሪው፤ ትንሽ ዕቃ ነው። መርካቶ ምናለሽ ተራ አሮጌውን ይዘሽ ሂጂና አስተያዪ። ከእሱ ጫፍ እስከ አየር ቱቦው አፍ ያለው ርቀት በዚህ ዓይነት ማሾ 14 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ መልሰሽ ስትገጥሚ በማስመሪያ ለኪ። ከዚያም ቢጫ ካለው ቱቦውን በጥቂቱ ከፍ አድርጊ፣ አየር ይጨምራል።

ነርሷ
ስለ ብርሃኑ ብዙ ተባለ። እኔ አንድ ነገር አለኝ፣ እባክሽ ስሚኝ። አየር ያጠረው እሳት የሚያወጣው ጋዝ እንደ ከሰል ጭስ ሰው ይገድላል፤ ሽታም የለውም። በርና መስኮት ከፍታችሁ አብሩ፣ መኝታ ቤት አታስገቡት። ቤንዚን የነካው ላምባ በፍጹም እንዳትጨምሪ፣ ይፈነዳል። አሮጌውን ጨርቅ ስታራግፊም ብናኙን አትተንፍሺ፤ ቶሪየም ያለበት ከሆነ ጥቂት ጨረር አለው።

የኬሚስትሪ መምህር
ነርሷ ያለችውን ሁሉ እኔም እላለሁ። የጎረቤትሽን ነገር ግን ልመልስ። የቡታ ጋዝ መብራትም ያው ጨርቅ፣ ያው የአየር ቀዳዳ ነው ያለው። ቢጫ ከነደደ ችግሩ ተመሳሳይ ነው። ሲሊንደሩ ማፍሰሱን በሳሙና አረፋ ፈትሹ፣ በክብሪት አይደለም።

የአራት ኪሎዋ
ውጤቱን ልንገራችሁ። ቱቦውን ስፈታ ድር ብቻ አይደለም፣ የደረቀች የሸረሪት ከረጢት ወጣች! ቀዳዳውም ሰፍቶ ነበር፤ ምናለሽ ተራ ሁለት ሱቅ አዳርሶኝ ሦስተኛው ላይ አገኘሁ። ላምባውን በስስ ነጠላ አጣርቼ ሞላሁ።

ትናንት ማታ መብራት ሄደ። አልኮሉ እስኪያልቅ ቆጥሬ ጠበቅሁ። ስከፍተው «ሽሽሽ» አለና ጨርቁ ነጭ ሆነ፣ ማየት እስኪያቅት። ከ12 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት ተኩል ነደደ፤ ዛሬ ጠዋት ስቀዳው ከግማሽ ሊትር በላይ ቀርቷል። ብርጭቆው ንጹሕ ነው። እናቴ ቡናውን ከሥሩ ሆና ቆላችው፤ የፍሬውን ቀለም ለማየት እንደ ሻማው ጊዜ ምጣዱን ወደ ዓይኗ አላስጠጋችም።

የእድሩ ጋሼ፣ የፓምፑን ቆዳ በስንት ጊዜው ዘይት ታጠጣታለህ?

የእድር ዕቃ ጠባቂ
እኔ በየክረምቱ መግቢያ ነው። ማሾው ብዙ ጊዜ ሳይነካ ከቆየ ግን ከማብራትሽ በፊት አንድ ጠብታ ጣል አድርጊባት።