ከሙዚየም በነፃ የወረደ ሥዕል በሴከንድ ላይፍ አዳራሼ ብሰቅል ያስጠይቀኛል? ሲሰቀልስ ለምን ይለጠጣል?

የሌሊት ተረኛ (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፤ ሌሊት ሌሊት አረጋውያንን አስታምማለሁ። ወደ አሜሪካ ከመምጣቴ በፊት ደብረ ብርሃን ውስጥ ለዘጠኝ ዓመታት ሥዕል አስተምሬያለሁ። በክፍሌ ስልሳ ሁለት ተማሪዎች ነበሩ፤ የሥዕል መጽሐፍ ግን አንድ ብቻ፣ እሱም በጥቁርና ነጭ የታተመ። ስለ ሰማያዊና ስለ ቢጫ የማስረዳው ግራጫ ገጽ እያሳየሁ ነበር። ይህ ነገር እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ከሁለት ዓመት በፊት ሴከንድ ላይፍ በተባለው ምናባዊ ዓለም 1024 ካሬ ሜትር ቦታ ተከራየሁና አሥራ ሁለት ሥዕል የሚይዝ አዳራሽ ሠራሁ። ከቀድሞ ተማሪዎቼ ሦስቱ፣ አንዷ ከቴል አቪቭ፣ አንዱ ከዱባይ፣ አንዱ ከአዲስ አበባ፣ እሑድ እሑድ በአቫታራቸው (በዚያ ዓለም በሚወክላቸው ምስል) ይመጣሉ። አብረን እየዞርን እናያለን። ያኔ ያላሳየኋቸውን ቀለም አሁን ላሳያቸው ብዬ ነው።

መጀመሪያ ሥዕሎቹን የገዛሁት እዚያው ዓለም ውስጥ ካለ አንድ ሱቅ ነበር፤ አርባ የጥንት ሥዕሎችን የያዘ ሳጥን፣ በ900 ሊንደን ዶላር (የዚያው ዓለም ገንዘብ ነው)። ስከፍተው የቨርሜር ወተት ቀጂ ሴት ፊቷ ቢጫ፣ ሽርጧ አረንጓዴ መስሎ አገኘኋት። ሽርጧ ሰማያዊ ነው! ሳጥኑ የማስተላለፍ ፈቃድ ስለሌለውም ለቴል አቪቯ ልጅ አንዱን እንኳ መስጠት አልቻልኩም።

በጥር 2024 (ዓመቱን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ባልቲሞር በሚገኘው የዋልተርስ ሙዚየም ስለ ኢትዮጵያ ጥበብ የተዘጋጀውን ትልቅ ዐውደ ርእይ አየሁ። ቤት ገብቼ የሙዚየሙን ድረ ገጽ ስከፍት በ16ኛው ክፍለ ዘመን የተጻፈው፣ በትግራይ የሚገኘው የጉንዳ ጉንዴ ገዳም ወንጌል ምስሎች ተቀምጠዋል፤ በነፃ ይወርዳሉ፣ ሲሲ ዜሮ የሚል ምልክትም አላቸው።

እንግዲህ ይህን አውርጄ ብሰቅል፣ ለተማሪዎቼም ቅጂ ብሰጥ ያስጠይቀኛል? ሁለተኛ፣ ሞክሬ ስሰቅለው የወንጌላዊው ፊት ወደ ጎን ተለጠጠ፤ ጽሑፉም አይነበብም። ካሜራዬን ባዞርኩ ቁጥር ደግሞ አጠገቡ ያለው የመስታወት መስኮት አንዴ ከሥዕሉ ፊት፣ አንዴ ከኋላው እየሆነ ዓይን ያምታታል። ሦስተኛው የሕሊና ጥያቄ ነው። የወንጌል ሥዕል እንዲህ ባለ ቦታ መሰቀሉ ተገቢ ነውን? ከአጥሬ ወዲያ ያለው ጎረቤቴ ጭፈራ ቤት ነው።

ሜትርና ሳንቲም

መምህርት፣ የሕሊናውን ለሚያውቁት ትቼ ስለ መጠኑ ልንገርዎት። እዚያ ዓለም ውስጥ ቤት መሥራት ከጀመርኩ አሥራ አምስት ዓመት አልፎኛል፤ እኔንም መጀመሪያ ያስለቀሰኝ ይኸው ነው።

ሴከንድ ላይፍ የሚያስገቡትን ምስል ጎኖች 256፣ 512፣ 1024 ፒክሰል (የምስል ነጥብ) ወደመሳሰሉ ቁጥሮች ያመጣቸዋል። የብራናው ገጽ ቁመቱ ከወርዱ ስለሚበልጥ፣ ሲገባ ተጨምቆ ቁመቱና ወርዱ እኩል ሆኗል። ይህ አያስጨንቅዎት። ማስተካከያው ምስሉ ላይ ሳይሆን ምስሉ በሚለጠፍበት ሳጥን ላይ ነው። አዲስ ሳጥን ሲፈጠር በየጎኑ ግማሽ ሜትር ነው፤ እንዳለ ከተዉት ፊት ሁሉ ሰፊ ይሆናል። ሳጥኑን በዋናው ሥራ ልክ ያድርጉትና ምስሉ በራሱ ይቃናል። ልኩ በሙዚየሙ ገጽ ላይ ከሥዕሉ ስም በታች ተጽፏል። ወተት ቀጂዋ 45.5 በ41 ሳንቲ ሜትር ናት፤ ስለዚህ ሳጥኑ ቁመቱ 0.455፣ ወርዱ 0.41 ሜትር ይሆናል ማለት ነው። ከዚያ በላይ ማስላት አያስፈልግም።

ሆኖም በእውነተኛ ልኩ የተሰቀለ ሥዕል እዚያ ዓለም ውስጥ ፖስታ ካርድ ይመስላል። ብዙዎቹ አቫታሮች ከሁለት ሜትር በላይ ይረዝማሉ፤ ካሜራውም ከኋላቸው ከፍ ብሎ ነው የሚያየው። እኔ ሁሉንም በአንድ ተኩል አበዛለሁ። ሁሉንም በእኩል ነው እንጂ አንዱን ለይቼ አይደለም! የሆኩሳይን ታላቅ ማዕበል ሁለት ሜትር፣ የሬምብራንትን የሌሊት ጥበቃም ሁለት ሜትር አድርገው ጎን ለጎን የሚሰቅሉ አዳራሾች አይቻለሁ። ማዕበሉ ወርዱ 38 ሳንቲ ሜትር የማይሞላ፣ በእጅ የሚያዝ ወረቀት ነው፤ የሌሊት ጥበቃው ደግሞ ከ4 ሜትር በላይ ወርድ ያለው ሸራ ነው። ተማሪዎችዎ ይህን ልዩነት በዓይናቸው እንዲያዩት ያድርጉ።

ጽሑፉ እንዲነበብ ገጹን አራት ቦታ ቆርጠው እያንዳንዱን ቁራጭ 1024 በ1024 አድርገው ያስገቡ፤ ከዚያ በአራት ሳጥኖች ላይ ገጣጥመው ያያይዟቸው። እስከዚህ መጠን ያለውን አንድ ምስል ማስገቢያው 10 ሊንደን ዶላር ነው፤ ከአምስት የአሜሪካ ሳንቲም በታች። በመጋጠሚያው ላይ ቀጭን መስመር ከታየዎት በልጣፉ ማስተካከያ ድግግሞሹን ከ1 ወደ 0.998 ዝቅ ያድርጉት፤ ይጠፋል። አሥራ ሁለቱንም ሥዕሎች ግን እንዲህ አይቆራርጡ። እያንዳንዱ ባለ 1024 ምስል በጎብኚው ኮምፒውተር ማኅደረ ትውስታ ሦስት ሜጋባይት ያህል ይይዛል፤ 512 ከሆነ ግን የዚያን ሩብ ነው። የአዲስ አበባው ልጅ ኮምፒውተር አሮጌ ከሆነ ሥዕሎቹ እስኪጠሩለት ግራጫ ግድግዳ ሲያይ ይቆያል።

መስኮቱ የሚያምታታው ፋይልዎ ፒኤንጂ ስለሆነ ይመስለኛል። አልፋ የሚባለው የግልጽነት ንብርብር በውስጡ ካለ፣ ሥዕሉ አንድም ቀዳዳ ባይኖረውም ዓለሙ እንደ መስታወት ይቆጥረዋል፤ ሁለት መስታወት ሲገጥመው የትኛው ከፊት እንደሆነ ይጠፋዋል። ጄፔግ አድርገው ያስቀምጡትና እንደገና ያስገቡት። ፀሐይ ስትጠልቅ ሥዕሉ እንዳይጨልም ደግሞ «ሙሉ ብርሃን» የሚለውን ምርጫ በሥዕሉ ገጽታ ላይ ብቻ ያብሩ፤ ፍሬሙ ላይ ካበሩት እንደ መብራት ያበራል።

ስለ ቢጫዋ ሴት አንድ ነገር ልጨምር። ሥዕሉ ያለው አምስተርዳም፣ ራይክስ ሙዚየም ነው። ሙዚየሙ በኢንተርኔት ከ10,000 በላይ ጥራት የጎደላቸው የዚህች ሴት ቅጂዎች እንዳሉ ደረሰበት፤ ብዙዎቹ ቢጫ ናቸው። ጎብኚዎች በሙዚየሙ ሱቅ ያለው ፖስታ ካርድ ትክክለኛው ሥዕል መሆኑን አላምን እስከ ማለት ደርሰው ነበር። ሙዚየሙ ጥራት ያለውን ምስል በነፃ ለመልቀቅ ከወሰነባቸው ምክንያቶች አንዱ ይህ ነው። የተሸጠልዎ ከቢጫዎቹ አንዷ ናት። ይጣሏትና ከራይክስ ሙዚየም ያውርዱ።

አንቀጽ ቆጣሪ

ስለ መብቱ ባጭሩ። ሲሲ ዜሮ ማለት ሙዚየሙ በምስሉ ላይ ሊኖረው የሚችለውን መብት ሁሉ ትቷል ማለት ነው። ይስቀሉት፣ ይቁረጡት፣ ለተማሪዎችዎ ይስጡት፤ ቢሸጡትም አይከለከልም። ይህን ያደረገው ዋልተርስ ብቻ አይደለም። የኒው ዮርኩ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም በ2017 ከ375,000 በላይ ምስሎች፣ የዋሽንግተኑ ስሚዝሶንያን ተቋም በ2020 ወደ 2.8 ሚሊዮን ምስሎች በዚሁ ምልክት ለቀዋል። ምልክቱን ግን በእያንዳንዱ ሥዕል ገጽ ላይ ያረጋግጡ፤ አንድ ሙዚየም አንዱን ሥራ ለቅቆ ሌላውን ሊይዝ ይችላል።

ሁለት ነገር ይለዩ። የጥንት ጠፍጣፋ ሥዕልን እንዳለ የሚቀዳ ፎቶግራፍ በአሜሪካ አዲስ የቅጂ መብት አያስገኝም፤ በ1999 ኒው ዮርክ የሚገኘው የፌዴራል ፍርድ ቤት በብሪጅማንና በኮረል ጉዳይ እንዲሁ ወስኗል። የመስቀልና የሐውልት ፎቶግራፍ ግን ሌላ ነው። ብርሃኑንና አቅጣጫውን የመረጠው ፎቶ አንሺ የራሱ መብት አለው፤ መስቀሉ የ500 ዓመት ዕድሜ ቢኖረውም። ስለዚህ የመጾር መስቀል ሲያምርዎ ሙዚየሙ ራሱ የለቀቀውን ፎቶ ይፈልጉ።

የሱቁ «ማስተላለፍ አይቻልም» የሚለው ገደብ የሚሠራው በሸጠልዎ ፋይል ላይ ብቻ ነው። በቨርሜር ላይ ባለሱቁ ምንም መብት የለውም።

የሌሊት ተረኛ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አንድ ላስቸግር፦ የዱባዩ ልጅ የአፈወርቅ ተክሌን ሥራ እንድሰቅል አጥብቆ ይለምነኛል። ሠዓሊው አርፈዋልና ይቻላል?

አንቀጽ ቆጣሪ

አይቻልም። ሎሬቱ ያረፉት በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2012 ነው። በኢትዮጵያ አዋጅ ቁጥር 410/1996 (ይህ ዓመት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) መሠረት መብቱ ሠዓሊው ካረፈ በኋላ 50 ዓመት ይቆያል፤ ስለዚህ እስከ 2062 መጠበቅ ነው። ልጁን አዲስ አበባ ሲገባ አፍሪካ አዳራሽ ሄዶ የመስታወቱን ሥዕል በአካል እንዲያየው ይንገሩት።

ወስፌ

እህቴ፣ ዕድሜዬ ሰባን ስላለፈ አንቺ ልበልሽ። በልጅነቴ ጎንደር ውስጥ ከአጎቴ ዘንድ ብራና መዳመጥ፣ ቀለም መበጥበጥ ተምሬያለሁ፤ ጸሐፊ ባልሆንም እጄ ያውቀዋል። ሦስተኛውን ጥያቄሽን ያነሣሽው በመፍራትሽ ነው፤ መፍራትሽ ደስ አሰኝቶኛል።

እኔ ብሆን እሰቅለዋለሁ። ግን ከወተት ቀጂዋ ጋር በአንድ ግድግዳ አልሰቅለውም። ትንሽም ብትሆን የራሱ ክፍል ሥሪለት፤ በሩ ወደ ጭፈራ ቤቱ አይዙር። ከወለል ላይ አታስቀምጪው፤ ሰው የሚቀመጥበት ወይም የሚረግጠው ነገር ላይም አትለጥፊው። ለጌጥ ብለሽ ፊቱን ብቻ ቆርጠሽ አታውጪው። ሥዕሉ የመጽሐፍ ገጽ ነው፤ ከፊት ለፊቱ የሚነበብ ጽሑፍ አለው። ሁለቱን ገጾች እንደተከፈተ መጽሐፍ ጎን ለጎን አድርጊ።

ኅዳጉንም አትቁረጪ። ብዙ ሰው ምስሉን ሲያወርድ ባዶ የመሰለውን ዳር ይከረክመዋል፤ እኔን የሚያሳዝነኝ ይህ ነው። ዳሩን አቅርበሽ ብታዪ ጥቃቅን ቀዳዳዎች በተርታ አሉ። ጸሐፊው በወስፌ የወጋቸው ናቸው። ከቀዳዳ ወደ ቀዳዳ ቀለም ሳይነካ መስመር ያሰምርና ፊደሉን በዚያ ላይ ያሰፍራል። ከ500 ዓመት በፊት የነበረ የአንድ ሰው እጅ ከየትኛውም ቦታ ይልቅ እዚያ ይታያል። ሐረጉን፣ ቀይ ቀለሙን ሁሉም ያደንቃል፤ ቀዳዳውን የሚያሳይ ግን የለም።

ከሥሩ ጽሑፍ አስቀምጪ፦ የጉንዳ ጉንዴ መሆኑን፣ ዛሬ ያለበትን ሙዚየምና የመዝገብ ቁጥሩን። ሕጉ ባያስገድድሽም የገዳሙ ስም ከሥዕሉ ጋር መሄድ አለበት።

የሌሊት ተረኛ

አባቴ፣ አንቺ ይበሉኝ፤ ደስ ይለኛል።

ሐሙስ ከሥራ ስገባ ሳልተኛ ሁሉንም እንደነገራችሁኝ አደረግሁ። ቢጫዋን ሴት ከግድግዳው አነሣኋት። ከራይክስ ሙዚየም ያወረድኩትን በጄፔግ አስገብቼ ሳጥኑን 0.68 በ0.62 ሜትር አደረግሁት። ሰማያዊው ሽርጥ ሲበራ ወንበሬ ላይ ሆኜ አጨበጨብኩ። መስኮቱም መምታታቱን አቆመ።

ለወንጌሉ በስተ ምሥራቅ ጥግ ትንሽ ክፍል ሠራሁለት፤ በሩ ወደ አዳራሹ ውስጥ ነው የሚከፈተው። ሁለቱን ገጾች በአራት በአራት ቁራጭ፣ በ80 ሊንደን ዶላር አስገባሁ። ድግግሞሹን 0.998 ሳደርገው መስመሩ ጠፋ። ኅዳጉን አልነካሁትም። ከሥሩ ማስታወሻ ካርድ አለ፤ የጉንዳ ጉንዴ ስም በግእዝ ፊደል ከላይ ተጽፏል።

እሑድ ሦስቱም መጡ። የአዲስ አበባው ልጅ ምስሉ እስኪጠራለት ጥቂት ጠበቅነው። ከዚያ የቴል አቪቯ ልጅ ካሜራዋን ወደ ገጹ ዳር አስጠግታ፣ «መምህርት፣ ብራናውን ብል በልቶታል እንዴ? ቀዳዳዎቹ ግን ለምን በእኩል ርቀት ሆኑ?» አለች። እኔ ከመመለሴ በፊት የዱባዩ ልጅ መቁጠር ጀመረ። የመስመሮቹን ቁጥር ከቀዳዳዎቹ ጋር እያስተያየ ራሱ ደረሰበት።

ቅጂውን ለሦስቱም በሙሉ ፈቃድ ሰጥቻቸዋለሁ። አባቴ፣ አንድ የቀረኝ አለ፦ ገጹ ሲገለጥ የሚመጣውን ጽሑፍ ልጨምር አስቤያለሁ፤ ቀጥሎ የሚነበበውን ከየትኛው ቁጥር ልጀምርላቸው?