የመኪና ጥቁር ፕላስቲክ ላይ የቀረ የውሃ ነጠብጣብ በምን ይለቃል?

ባለ ዲኤክስ (ደሴ)፦
ሰላም ጀማው። አሮጌ ዲኤክስ ኮሮላ አለችኝ። ፓራውልቷና ከዝናብ መጥረጊያው ሥር ያለው ጥቁር ፕላስቲክ ነጫጭቦባቸዋል። ደሴ ሳጥባት ምንም አትል። ሐረጎን ወርጄ ኮምቦልቻ ያሳጠብኳት ቀን ግን ክብ ክብ ነጠብጣብ ይዛ ትመለሳለች። በላርጎ ብፈትገውም እርጥብ ሳለ ጥፍት ይላል፣ ሲደርቅ ቁጭ። ምን ትላላችሁ?

የሚኒባስ ሹፌር፦
ናፍጣ ቀባ አድርገው ባክህ። እንደ አዲስ ነው የሚያበራው።

ላቫጆ ኮምቦልቻ፦
አብሽር፣ ይለቃል። ናፍጣውን ግን ተወው። ዛሬ ያበራልሃል፣ ነገ የመንገዱ አቧራ ሁሉ እዚያው ይለጠፋል። የበሩን ጎማ ከነካ ደግሞ ያሳብጠዋል።

ነጩ ነገር ውሃው ውስጥ ያለው ኖራ ነው፤ ካልሲየምና ማግኒዥየም። ውሃው ይተናል፣ እሱ ይቀራል። የሻይ ማንቆርቆሪያህን ውስጡን እየው፤ ነጭ ቅርፊት ከያዘ ያው እሱ ነው። ላርጎ ቅባት እንጂ ኖራ አያነሳም። ኖራን የሚፈታው አሲድ ነው፣ ስለዚህ አቼቶ ግዛ።

መጀመሪያ አቧራውን በደንብ እጠበው፣ አለዚያ አሸዋውን ነው ፕላስቲኩ ላይ የምትፈትገው። ከዚያ መኪናዋን ጥላ ውስጥ አቁመህ ሞተሩ ይብረድ። አቼቶና ውሃ እኩል ቀላቅለህ ጨርቅ ንከርና ነጠብጣቡ ላይ አንድ ሁለት ደቂቃ ለጥፈው። እንዲደርቅ አትፍቀድለት። ፓራውልቱ ቆዳው ሻካራ ስለሆነ ኖራው ጉድጓዱ ውስጥ ይደበቃል፤ ለስላሳ የጥርስ ብሩሽ ያወጣዋል። ቀለሙን፣ ኒኬሉንና ቸርኬውን ከነካ ቶሎ በውሃ አጥራው። መጨረሻ ላይ አለቅልቀህ በደረቅ ማይክሮፋይበር እስኪደርቅ ጥረግ። በረኪና የሚልህ ካለ አትስማው።

ባለ ዲኤክስ፦
ታዲያ ደሴ ለምን አይታይም? የኮምቦልቻ ውሃ ነው እንዴ ጥፋቱ?

ላቫጆ ኮምቦልቻ፦
የኮምቦልቻን ስም አታጥፋ እንጂ 😄 ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ እኛ ከ1,900 በታች ነን። እናንተ ጋ ብርዱ ጠርጎ ለመጨረስ ጊዜ ይሰጥሃል። እዚህ በስድስት ሰዓት ፀሐይ አንዱን በር ስትጠርግ ሌላው ደርቆ ይጠብቅሃል። ጠዋት ና፣ ወይም አጣቢውን ውሃው ሳይደርቅ እንዲጠርግ ንገረው። ደንበኛ ሲበዛ መጥረጉ ነው የሚዘለለው፣ እውነቱን ልንገርህ።

ባለ ዲኤክስ፦
ሞከርኩት። ፓራውልቱ ጥቁር ብሏል፣ ወላሂ! መጥረጊያው ሥር ያለው ግን ንቅንቅ አላለም።

ላቫጆ ኮምቦልቻ፦
ጠርዝ ያለው ክብ ነው ወይስ ሁሉም ቦታ እኩል የገረጣ?

ባለ ዲኤክስ፦
እኩል የገረጣ። በእጄ ስነካው ዱቄት ነገር ይለቃል።

ላቫጆ ኮምቦልቻ፦
እሱ ፀሐይ የበላው ነው፣ አቼቶ አታባክንበት። የፕላስቲክ ማጥቆሪያ ቅባት ስስ አድርገህ ቀባው። ዝናብና ፀሐይ ሲያነሱት ትደግማለህ። መስታወቱን እንዳታስነካው ብቻ፣ ማታ መጥረጊያው ያጨማልቅብሃል።