የሚጥል በሽታ መድኃኒት ተጠቃሚዎችን ከሕክምና መዝገብ እንዴት ልለይ?

ለጥናቴ የምፈልገው የሚጥል በሽታ ኖሮባቸው መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎችን ነው። መድኃኒቱን ከኤሌክትሮኒክ መዝገቡ ማውጣት ቀላል ነው፤ መላ ያጣሁለት ለምን እንደታዘዘ ማወቁ ነው።

ቫልፕሮዌት ባይፖላር ለሚባለው የስሜት መዋዠቅ ሕመምም ይታዘዛል፤ ቶፒራሜት ማይግሬንን ለመከላከል፣ ካርባማዜፒን ለፊት ነርቭ ሕመም። የጋባፔንቲንና የፕሪጋባሊንን ነገርማ ተዉት። የሚጥል በሽታ መድኃኒቶች በተመደቡበት በኤን03ኤ የመድኃኒት ምድብ ብቻ ስፈልግ ለሌላ ሕመም የሚወስደው ሁሉ ተግተልትሎ ይገባል፤ ክሎባዛም ግን ከጭንቀት መድኃኒቶች ጋር ስለተመደበ ያመልጠኛል።

የሚጥል በሽታ የምርመራ ኮድ የሆነው ጂ40 ይኑር የሚል መስፈርት ብጨምርም አልተገላገልኩም። አንዲት ታካሚ ላሞትሪጂን ለዓመታት ሳታቋርጥ ወስዳለች፤ ኮዱ ግን የለም። በሽታዋ የታወቀው መዝገቡ ከመጀመሩ በፊት ይሁን ወይስ መድኃኒቱ ለባይፖላር ታዝዞላት፣ ሰንጠረዡ አይናገርም። በተቃራኒው፣ በሽታው ይጣራለት ተብሎ ለአንጎል ሞገድ ምርመራ ብቻ የተላከ ሰው ጂ40 ተጽፎለት አገኘሁ፤ አንድም መድኃኒት አልታዘዘለትም።

እንዲህ ያለ ሥራ የሠራችሁ እባካችሁ እርዱኝ። አንድ ኮድ ይበቃል ወይስ በተለያየ ቀን የተመዘገቡ ሁለት ትጠይቃላችሁ? ኮዱና ማዘዣው በስንት ወር ቢራራቁ ትቀበላላችሁ? የማይግሬንና የባይፖላር ኮድ ያለባቸውን በሙሉ ላስወጣ አስቤ ነበር፤ ነገር ግን ሁለቱም ከሚጥል በሽታ ጋር አብረው ስለሚገኙ ትክክለኛዎቹን ታካሚዎች ጠርጌ እንዳልጥል ሰጋሁ። ናሙና ወስዳችሁ ከሐኪሞች ማስታወሻ ጋር ያመሳከራችሁ ካላችሁ፣ ናሙናውን ከተመረጡት ብቻ ነው የወሰዳችሁት ወይስ ከቀሩትም?