አስቸኳይ! ጂን ያስገባንበት ድንች ከተራው እኩል በሰበሰ

ሥርዬ፦ ሰላም፣ እባካችሁ ድረሱልኝ። ብስባሴን እንዲቋቋም ብለን ባሲለስ ከተባለ ባክቴሪያ የተወሰደውን ኤአይአይኤ ጂን ያስገባንበትን ድንች ቆራርጬ፣ ድንች የሚያበሰብሰውን ባክቴሪያ፣ ፔክቶባክቴሪየምን፣ ጠብ አደረግሁበት። ዛሬ ስከፍተው ውሃ ሆኗል፣ ይሸታል። ተራውም እንደዚያው። ዲኤንኤን አባዝቶ በሚያሳየው ምርመራ፣ በፒሲአር፣ አይተናል፣ ጂኑ አለ። ነገ ለአማካሪዬ ላሳይ ነው!

ጋሽ ማይክሮስኮፕ፦ ልጄ፣ መጀመሪያ ጠላትሽን እወቂ። ይህ ባክቴሪያ፣ በድሮ ስሙ ኤርዊኒያ፣ ሴልን ከሴል ያጣበቀውን ፔክቲን በኢንዛይም ያሟሟል። ልጣጩ ደህና መስሎ ውስጡ የሚላቁጠው ለዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ባክቴሪያን የሚያጠቃው ቫይረስ፣ የቲ4 ፋጅ፣ ላይሶዛይም የተባለ ኢንዛይም ጂን ድንች ውስጥ ያስገቡም ነበሩ፤ እሱ የባክቴሪያውን ግድግዳ ነው የሚያፈርሰው...

እሸት፦ አርቲ-ፒሲአር ሥሪ፤ ከጂኑ አርኤንኤ መመረቱን ያሳይሻል። ጂኑ መኖሩና መሥራቱ ለየቅል ነው።

ሳቂታው፦ አማካሪሽን ጉንፋን ሲይዘው አሳዪው 😂

ተጠራጣሪ፦ ልውጠ ህያው ምን ያደርጋል? ሶላነም ቻኮኤንስ የሚባል የዱር ድንች አለ፤ ይህን ብስባሴ የሚቋቋም ዝርያ ተገኝቶበታል። አዳቅሉ።

ሥርዬ፦ የእኛ ድንች ባለ 48 ክሮሞሶም፣ የዱሩ ባለ 24። ቁጥራቸው ስለማይገጥም ማዳቀሉ ዓመታት ይፈጃል። እኔ የምለው ነገ ነው!

ባለ ፒፔት፦ ባክቴሪያውን ሌሊቱን ካደገበት ፈሳሽ በቀጥታ ነው የወሰድሽው?

ሥርዬ፦ አዎ፣ በቀጥታ።

ባለ ፒፔት፦ ነገሩ እዚያ ጋ ነው። ጂንሽ ባክቴሪያውን አይገድልም። የሚነጋገሩበትን ኤኤችኤል የተባለ ምልክት ነው የሚሰብረው። ብዛታቸውን በዚያ ምልክት ካላወቁ ኢንዛይሙን በብዛት አያመርቱም። አንቺ ግን ምልክቱንም ኢንዛይሙንም አብረሽ ነው ያፈሰስሽው። በሴንትሪፊዩጅ አሽከርክረሽ ባክቴሪያውን ወደ ታች አውርጂው፣ ፈሳሹን ድፊው፣ እጠቢው፣ አቅጥኚው፣ በተለያየ መጠን ሞክሪ። ልዩነት ካለ ዝቅተኛው መጠን ላይ ታዪዋለሽ። ሳጥኑንስ ጥርቅም አድርገሽ ዘግተሽው ነበር?

ሥርዬ፦ ጥርቅም! ከነእርጥብ ወረቀቱ።

ባለ ፒፔት፦ በይ እንግዲህ። ድንች አየር ሲያጣ መከላከያው ይዳከማል። ባክቴሪያው ግን ያለ ኦክስጅንም ይኖራል። ተራውን ድንችና በንጹህ ውሃ ብቻ የተነከረ ቁራጭም ጎን ለጎን አስቀምጪ።

ጋሽ ማይክሮስኮፕ፦ ለነገ አይደርስም። ያለሽን ፎቶና አዲሱን የሙከራ ዕቅድ ይዘሽ ግቢ። ወደ ላይሶዛይሙ ስመለስ...

እሸት፦ አርቲ-ፒሲአር ብያለሁ።